ደንበኞቼ ውጭ፣ እኔ አዲስ አበባ፦ ብቻዬን ሶፍትዌር ስሸጥ ድርጅቱን የት ልክፈት?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ የምትኖር ፕሮግራመር ናት። ለትናንሽ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምዝገባን፣ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራምንና የክፍያ ክትትልን የሚይዝ ሶፍትዌር ሠርታ በወር በ19 ዶላር ትሸጣለች። ጀርመን፣ አሜሪካና ኬንያ ውስጥ 24 ደንበኞች አሏት። ገንዘቡ የሚገባው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖረው የአክስቷ ልጅ ስም በተከፈተ የስትራይፕ (በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት) አካውንት ሲሆን፣ የአክስቷ ልጅም ሰው ስታገኝ ትልክላታለች። አሁን ከቅጥር ሥራዋ ልትለቅ አስባለች። “አሜሪካ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ልክፈት ወይስ እዚሁ ንግድ ፈቃድ ላውጣ? የአውሮፓ ታክስ እኔንም ይመለከተኛል? ይህን ሁሉ ብቻዬን እችለዋለሁ?” ትላለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ትችይዋለሽ። ሁሉንም በራስሽ እጅ ልያዝ ካልሽ ግን አትችይውም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት የትኛውን ሥራ ለሌላ እንደሚተው ነው። እኔ የምመክርሽ ካርድ መቀበሉንና የየአገሩን የሽያጭ ታክስ መሰብሰቡን ለሌላ እንድትሰጪ፣ ደንበኛ ማነጋገሩን ግን ለማንም እንዳትሰጪ ነው። የድርጅቱ ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የአክስትሽ ልጅ አካውንት ነው። በስትራይፕ መዝገብ ላይ ሻጯ እሷ ናት። በአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ ዘንድም ገቢው በእሷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስር የተመዘገበ የእሷ ገቢ ነው። “የእኔ አይደለም፣ የዘመዴ ነው” ብላ ማስረዳት የሚጠበቅባት እሷ ስትሆን፣ በመካከላችሁ ደግሞ ውል የሚባል ነገር የለም። አንድ ደንበኛ ባንኩ ሄዶ ክፍያው እንዲመለስለት ቢጠይቅ ገንዘቡም ቅጣቱም የሚቆረጠው ከእሷ ነው። አካውንቱን የከፈተው ሰውና ሥራውን የሚሠራው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ከተደረሰበት አካውንቱ ሊዘጋ፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ለወራት ሊታገድ ይችላል። ባንቺ በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ገንዘቡ በሰው እጅ ስለሚደርስሽ የሶፍትዌር ኤክስፖርት ገቢ መሆኑን የምታሳዪበት አንዲት ወረቀት እንኳ የለሽም። ነገ ብድር ብትጠይቂ፣ ቪዛ ብታመለክቺ ወይም ሥራውን ለሌላ ልሽጥ ብትዪ፣ ስንት ዓመት የለፋሽበት ገቢ በወረቀት ላይ የለም።

ደንበኞችሽ ገና 24 በመሆናቸው ዝውውሩ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የካርድ መረጃን ከአንድ ክፍያ ተቀባይ ወደ ሌላ በቀጥታ የማዛወር አሠራር አለ፤ ነገር ግን ጥያቄውን ማቅረብ ያለባት የአካውንቱ ባለቤት ናት፣ ሂደቱም ለትልልቆች የተሠራ ነው። አንቺ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በስሙ ጻፊለት። ደብዳቤው አራት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ ክፍያ የምንቀበልበት መንገድ ይቀየራል፤ እስከዚህ ቀን የከፈሉት እንደተጠበቀ ነው፤ በዚህ ሊንክ ካርድዎን አንድ ጊዜ ያስገቡልን፤ ከአሁን በኋላ በባንክ መግለጫዎ ላይ የሚያዩት ስም ይህ ነው። አራተኛውን እንዳትዘልዪው። ብዙ ሰው ክፍያ የሚያስመልሰው ተታልሎ ሳይሆን መግለጫው ላይ የማያውቀው ስም ሲያይ ነው። አዲሱ ክፍያ የሚጀምርበትን ቀን የድሮው ወር በሚያልቅበት ቀን ላይ አድርጊው፤ የድሮውን ደግሞ አዲሱ መመዝገቡን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ብቻ ሰርዢ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወይ ደንበኛው ሁለቴ ይከፍላል፣ ወይ ሶፍትዌሩ በሥራ መሀል ይዘጋበታል።

ወደየት ይዛወር? ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት ስለማይከፍት ብዙ ሰው ወዲያው ወደ አሜሪካ ኤል ኤል ሲ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ግን መርቻንት ኦፍ ሬኮርድ የሚባሉትን እይ። ፓድል፣ ፋስትስፕሪንግ፣ ሌመን ስኩዊዚ (በ2024 እ.ኤ.አ. ስትራይፕ የገዛው) እና ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋምሮድም ከእነዚህ ናቸው። አሠራራቸው ተራ ክፍያ ከማስተላለፍ ይለያል። በሕግ ፊት ለደንበኛው ሻጭ የሚሆኑት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ለእነሱ ታቀርቢያለሽ፣ እነሱ ለዓለም ይሸጣሉ። ስለዚህ ደረሰኝ የሚቆርጡት፣ ታክስ አስበው ለየመንግሥቱ የሚያስገቡት፣ የካርድ ክርክር የሚከራከሩት እነሱ ናቸው። ላንቺ በወሩ መጨረሻ አንድ መግለጫና አንድ ክፍያ ይመጣልሻል።

ይህ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀልልሽ ለማየት ጀርመን ያለ አንድ ደንበኛ እንውሰድ። ደንበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ (ተ.እ.ታ) ቁጥር ያለው ድርጅት ከሆነ ታክሱን ራሱ አስቦ ስለሚያሳውቅ ችግር የለም። ቤቱ ተቀምጦ የሚያስተምር ግለሰብ ከሆነና እንደ ተራ ሸማች ካንቺ ከገዛ ግን፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ ታክሱ የሚከፈለው ገዢው ባለበት አገር ተመን ነው። ለጀርመን 19 በመቶ ነው፤ ሉክሰምበርግ 17፣ ሀንጋሪ 27 ነው። “ሽያጬ ትንሽ ነው” ማለት አያድንሽም፤ ለትንሽ ሻጭ የተደረገው የ10,000 ዩሮ ወለል የሚሠራው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለተቋቋመ ሻጭ ስለሆነ ከውጭ የምትሸጪ አንቺ ከመጀመሪያው ሳንቲም ተመዝግበሽ በየሩብ ዓመቱ ማሳወቅ ይጠበቅብሻል። 19 ዶላሩ ታክስ ያካተተ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ካንቺ ጋር የሚቀረው 15.97 ነው፤ 3.03ቱ የበርሊን መንግሥት ነው። ብሪታንያም ከመጀመሪያው ሽያጭ ትጠይቃለች፤ ኬንያ በዲጂታል አገልግሎት ላይ 16 በመቶ አላት። አሜሪካ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ እያንዳንዱ ግዛት ታክስ መሰብሰብ ግዴታ የሚሆንበትን የራሱን የሽያጭ ወለል አውጥቷል፤ አብዛኛው 100,000 ዶላር ላይ ስለሆነ ላንቺ ገና ሩቅ ነው። ይህን ሁሉ ለ24 ደንበኛ ብለሽ ማጥናት ሶፍትዌሩን እንዳትሠሪ ያደርግሻል።

ዋጋውስ? ፓድል በይፋ የሚያስከፍለው ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶና 50 ሳንቲም ነው። ከ19 ዶላርሽ 1.45 ይሄዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በዪ፤ በትንሽ ክፍያ ላይ የሚጎዳው መቶኛው ሳይሆን ያቺ 50 ሳንቲም ናት። በወር ለ12 ጊዜ ከ228 ዶላር ላይ 17.40 ትከፍያለሽ። ያንኑ ደንበኛ በዓመት አንዴ 190 ዶላር ብታስከፍዪው ግን የሚቆረጠው 10 ዶላር ብቻ ነው፤ ለደንበኛውም የሁለት ወር ቅናሽ ይሆንለታል፣ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ክፍያው የሚከሽፍበት አጋጣሚም ይቀንሳል። ዓመታዊ አማራጭ ዛሬውኑ አስገቢ።

ማመልከቻ ስታስገቢ ድረ ገጽሽን ሰው ከፍቶ ያየዋል። ዋጋው በግልጽ መቀመጡን፣ የአጠቃቀም ውል፣ የገንዘብ መመለሻ ደንብና የግላዊነት መግለጫ መኖሩን ያያሉ፤ አንዱ ከጎደለ ይመልሱሻል። ገንዘቡን በስዊፍት (ከባንክ ወደ ባንክ በሚደረግ ዓለም አቀፍ ዝውውር) ወይስ በፔይኦኒር (በኢንተርኔት ገንዘብ በሚያስተላልፍ ድርጅት) እንደሚልኩ፣ ኢትዮጵያ ከሚከፍሉባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መኖሯን ከመመዝገብሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂያቸው። የኬንያ ደንበኞችሽ ኤም ፔሳ ይሻለናል ሊሉሽ ይችላሉ። እኔ ብሆን ለጥቂት ሰው ብዬ ሁለተኛ የክፍያ መንገድ አልከፍትም፤ ሁለት መንገድ ማለት ሁለት ሒሳብ ማስታረቅ ነውና።

ኤል ኤል ሲውን ክፉ ነው አልልም፤ ጊዜው አሁን አይደለም ነው የምለው። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ መክፈቻው ነው፤ ስትራይፕ አትላስ የተባለው የስትራይፕ ድርጅት ማቋቋሚያ አገልግሎት በ500 ዶላር ደላዌር ውስጥ ያቋቁምልሻል። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ እስከ ጁን 1 ድረስ 300 ዶላር ለደላዌር ትከፍያለሽ፣ በግዛቱ ውስጥ ለሚወክልሽ ተጠሪ ትከፍያለሽ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለቤቱ የውጭ ሰው የሆነ የአንድ ሰው ኤል ኤል ሲ ለአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ የሚያስገባው ቅጽ 5472 ነው። አንዲት ሳንቲም ታክስ ባይኖርብሽም ከቅጽ 1120 ጋር አያይዘሽ ማስገባት ግዴታ ነው፤ የረሳ ሰው ቅጣቱ ከ25,000 ዶላር ይጀምራል። ይህን ሳያውቁ ከፍተው ዓመት ያለፋቸው ልጆች ምክር ፍለጋ ሲመጡ ማየት ያሳዝነኛል፤ ድርጅቱን የሸጠላቸው ሰው አንድ ቃል አልነገራቸውም። አሜሪካ መመዝገብም ከኢትዮጵያ ግብር አያወጣሽም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ነዋሪ የሆነ ሰው የሚከፍለው ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ነው። ውጭ አገር የባንክ አካውንት መያዝና ዶላር እዚያ ማስቀመጥ ደግሞ ለኢትዮጵያ ነዋሪ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ “ኦንላይን ነው፣ ማን ያያል” ብለሽ እንዳትገቢበት። ኤል ኤል ሲ ትርጉም የሚኖረው ትልልቅ የአሜሪካ ደንበኞች ከአሜሪካ ድርጅት ጋር ካልሆነ ውል አንፈርምም ሲሉሽ ወይም ባለሀብት ሲመጣ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ተመዝገቢ። በግል ነጋዴነት ንግድ ፈቃድ ማውጣት ይቀላል፤ ዕዳ ቢመጣ ግን ቤትሽንና የግል ንብረትሽን ሊነካ ይችላል። የንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት ለስሙ ያህል አክስት ወይም ወንድም ባለ አክሲዮን ማድረግ የግድ ነበር። የተማሪዎችን መረጃ የምትይዢ ሰው ስለሆንሽ እኔ የማኅበሩን መንገድ እመርጥልሻለሁ፤ የድርጅት ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፣ የግለሰቡ በእርከን እስከ 35 ይደርሳል። ወደ ውጭ የሚሸጥ አገልግሎት ተ.እ.ታው በዜሮ ተመን ነው። ዜሮ ተመን ማለት ግን ማስረጃ የማይጠየቅበት ማለት አይደለም፤ ገዢው ውጭ መሆኑን የሚያሳይ ውልና ገንዘቡ በባንክ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ሊኖርሽ ይገባል። ከመርቻንት ኦፍ ሬኮርዱ ጋር ያለሽ ውልና የወሩ መግለጫ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚኖራቸው፤ ደንበኞችሽ ሃያ አራት ቢሆኑም በሒሳብ መዝገብሽ ላይ ገዢሽ አንድ ነው።

ባንክ ስትሄጂ ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን የዓለም አቀፍ ባንክ አገልግሎት ክፍሉን አነጋግሪ። “ከውጭ ገንዘብ ይላክልኛል” አትበዪ፤ ያ የቤተሰብ ሐዋላ ተደርጎ ይመዘገብና የኤክስፖርት ገቢ ሆኖ አይቆጠርልሽም። “የሶፍትዌር አገልግሎት ኤክስፖርት ነው፣ የላኪ የውጭ ምንዛሪ አካውንት እፈልጋለሁ” በዪ፤ ውሉንም አሳዪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የወጣው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ ሌላ ላኪዎች ከገቢያቸው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲይዙ አድርጓል። አካውንቱን በምትከፍቺበት ቀን የሚሠራበትን ድርሻ ከባንኩ አረጋግጪ። ሰርቨርሽ፣ ዶሜንሽና የኢሜይል መላኪያሽ የሚከፈሉት በዶላር ስለሆነ ያች የምትቀርልሽ ዶላር የሥራሽ እስትንፋስ ናት። በስዊፍት ስታስመጪ በመሀል ያሉት ባንኮች በየዝውውሩ ቁርጥ ያለ ክፍያ ስለሚወስዱ በየወሩ ጥቂት ከማስመጣት በየሩብ ዓመቱ አጠራቅሞ ማስመጣት ያዋጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ሌሊት ላይ አሜሪካዊ ደንበኛ ይጽፍልኛል ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። የአዲስ አበባ ሰዓት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ናይሮቢ ካንቺ ጋር እኩል ናት። በርሊን ሥራ የሚጀምሩት ባንቺ 4 ሰዓት ወይም እንደ ወቅቱ 5 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ኒው ዮርክ ደግሞ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ኮድ ጻፊ፤ ኢሜይል አትክፈቺ። እኩለ ቀን ላይ አንዴ፣ 11 ሰዓት ላይ አንዴ መልስ ስጪ። ድረ ገጽሽ ላይ “በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን” በዪ እንጂ 24 ሰዓት አለን አትበዪ፤ ደንበኛው የሚናደደው የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

ሰዓትን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር አሁኑኑ ፈትሺ። እኛ አገር ሰዓት ስለማይቀየር ይህን ችግር ቤታችን ሆነን አናየውም። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ነው፤ አውሮፓ ግን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በመሀል ባሉት ሳምንታት በበርሊንና በዋሽንግተን መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት 5 ይሆናል። ሶፍትዌርሽ የክፍለ ጊዜውን ሰዓት እንዲሁ በቁጥር ልዩነት ካስቀመጠው፣ በርሊን ያለችው መምህርትና ዋሽንግተን ያለው ተማሪ በተለያየ ሰዓት ይገባሉ፤ ሁለቱም የሚወቅሱት አንቺን ነው። ተደጋጋሚ ክፍለ ጊዜን የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ሰዓትና የሰዓት ቀጠናው ስም ሆኖ፣ ለምሳሌ “አውሮፓ በርሊን” ተብሎ፣ አስቀምጪው፤ ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት የሚቀየረው በዕለቱ ይሁን። ያን ሳምንት የሚመስል ቀን እያስገባሽ ሞክሪው።

የጀርመን ደንበኛ ይዋል ይደር እንጂ የመረጃ አያያዝ ውል መጠየቁ አይቀርም፤ ከሜይ 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ያስገድደዋል። ሰርቨሩን ጀርመን ማስቀመጥሽ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንቺ ከአዲስ አበባ ገብተሽ መረጃውን ማየትሽ ራሱ ወደ ውጭ እንደ ማስተላለፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣቸውን መደበኛ የውል አንቀጾች አያይዢ። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የተማሪ የልደት ቀን ካላስፈለገሽ ከነጭራሹ አትጠይቂ፤ ያልያዝሽው መረጃ አይሰረቅብሽም።

ብቻሽን መሆንሽን ደንበኛ የሚፈራው “ብትታመምስ?” ብሎ ነው፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋ ሰርቨሩ ጀርመን ስለሆነ ሶፍትዌሩ አይቆምም፤ የምትቋረጪው አንቺ ነሽ። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ያዢ። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት እንደተዘጋው ከሆነ ግን ሁለቱም አይረዱሽም። የአክስትሽ ልጅ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ሰርቨሩን አስነስታ፣ “ባለሙያዋ ኔትወርክ ተቋርጦባታል፣ መረጃችሁ ደኅና ነው” የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ የምትችልበት የተወሰነ ፈቃድና አንድ ገጽ መመሪያ ስጫት፤ ገንዘቡንና የደንበኛ መረጃውን የምታይበት ፈቃድ አትስጫት። ባክአፕሽን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) ደግሞ ከሰርቨሩ ድርጅት ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ በየወሩም ባዶ ማሽን ላይ መልሰሽ ጫኚው። ተመልሶ መጫኑ ያልተሞከረ ባክአፕ አለኝ ብለሽ አትመኪ።

በመጨረሻ ሥራ ስለመልቀቁ። 24 ሰው በ19 ዶላር 456 ነው። ኮሚሽኑ ሲነሳ 421 ገደማ ይቀራል። ለሰርቨር፣ ለኢሜይልና ለባክአፕ 40 ዶላር ብናወጣለት 380፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የባንክና የግብር አለ። በብር ሲመነዘር ደስ ይላል፤ ሆኖም የምንዛሪውን ጭማሪ እንደ ሥራሽ ዕድገት አትቁጠሪው። 19 ዶላር ለትምህርት ቤት ርካሽ ነው፤ የአንድ ተማሪ የአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ቢሆን ነው። ለነባሮቹ ዋጋውን አትንኪባቸው፣ ለአዲሶቹ 39 አድርጊው። በ39 ዶላር አሥር ደንበኛ ብታገኚ ከኮሚሽን በኋላ 365 ይሆናል፤ ዛሬ ከሃያ አራቱ ከምታገኚው ብዙም አያንስም፣ የምትመልሺው ኢሜይል ግን ከግማሽ በታች ነው። ከቋንቋ ትምህርት ቤቶችም አትውጪ፤ ፓትሪክ ማኬንዚ የተባለው አሜሪካዊ ጃፓን ውስጥ በቅጥር እየሠራ በ2006 እ.ኤ.አ. ጎን ለጎን የጀመረው ለመምህራን የቢንጎ ካርድ የሚያትም ሶፍትዌር ብቻ ነበር፤ ዋና ገዢዎቹ የአሜሪካ አስተማሪዎች ነበሩ። ቅጥሩን የለቀቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

አንቺም የተጣራው ገቢ ስድስት ወር በተከታታይ የቤትሽን ወጪ ሲሸፍን፣ የስድስት ወር ወጪ ደግሞ ተቀምጦ ሲገኝ ልቀቂ። ስታሰዪ በዓመት አንዴ የከፈለሽን ሰው ገንዘብ ለአሥራ ሁለት አካፍይው፤ ያልሠራሽበት ወር ገንዘብ ገና የደንበኛው ነው፣ ነገ መልሺልኝ ሊልሽ ይችላል።